ቀላሉን ሣጥን ያከበደው ሰው

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1856 መገባደጃ፣ ከአልጄሪያ የገጠር አውራጃዎች የተጠሩ የጎሣ መሪዎች በአልጀርስ ከተማ በሚገኝ አንድ ቲያትር ቤት ተሰብስበው ነበር። መድረኩ ላይ የቆመው ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት የሆነው ፈረንሳዊ ነው። በእጁ የያዛት አነስተኛ ሣጥን ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያነሣት ናት። ከተመልካቾቹ መካከል አንድ ፈርጣማ ጎልማሳ ወደ መድረክ ወጥቶ ሣጥኗን እንዲያነሣ ተጋበዘ፤ ያለ አንዳች ችግር ብድግ አደረጋት። ፈረንሳዊው ግን የጎልማሳውን ጉልበት እንደሚነጥቀው አስታውቆ እንደገና እንዲሞክር ጠየቀው። በሁለተኛው ሙከራ ሣጥኗ ከወለሉ ጋር የተሰፋች ይመስል ንቅንቅ አልል አለች። ጎልማሳው በሁለት እጁ ይዞ ሲታገላት ድንገት መላ አካላቱን የሚያንቀጠቅጥ ንዝረት መታው። ጩኸት አሰምቶም ፊቱን ሸፍኖ ከአዳራሹ ሸሸ።

ይህን ያደረገው ዣን ዩዤን ሮቤር ሁዳን ነው። የዘመናዊ ምትሃት አባት የሚል ስም ያተረፈው ይህ ሰው ሥራው ሁሉ የሳይንስና የእጅ ጥበብ ውጤት እንጂ የመናፍስት ሥራ እንዳልነበረ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሌሎች የማያውቁትን ዕውቀት የያዘ ሰው በዕውቀቱ ሊያዝናና፣ ሊያስተምር ወይም ሊያስፈራራ ይችላል። ሮቤር ሁዳን በሕይወት ዘመኑ ሦስቱንም አድርጓል። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣን ዩዤን ሮቤር በዲሴምበር 1805 በማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ በሉዋር ወንዝ ዳር በምትገኘው ብሏ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰዓት ሠሪ ነበር። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞተችበት። በአሥራ አንድ ዓመቱ ወደ ኦርሌያን ከተማ ለትምህርት ተላከ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱም ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። የአባቱ ምኞት ልጁ የሕግ ባለሙያ እንዲሆን ነበርና በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት አስቀጠረው። ወጣቱ ግን ከመዝገቡ ይልቅ ልቡ ያደላው ወደ ጥርስና ጥርስ ተያይዘው ወደሚሽከረከሩት ጥቃቅን ብረቶች ነበር። በመጨረሻ የአባቱን ሙያ እንዲማር ተፈቀደለትና ከአንድ ሰዓት ሠሪ ዘመዱ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ።

ሮቤር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ መንገዱን ያስቀየረው አንድ የመጻሕፍት ሻጭ ስሕተት ነው። ወጣቱ ገንዘብ አጠራቅሞ ስለ ሰዓት ሥራ የተጻፈ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ለመግዛት ሄደ። መጽሐፉን ተቀብሎ ቤቱ ገብቶ ሲገልጠው የሰዓት ሥራ ሳይሆን የሳይንስ ጨዋታዎችና የምትሃት ዘዴዎች የተብራሩበት ሆኖ አገኘው። መልሶ በመውሰድ ፈንታ ቁጭ ብሎ አነበበው። መጽሐፉ የምትሃቱን ዓይነት ቢገልጽም እጅን እንዴት ማሠልጠን እንደሚቻል በቂ አድርጎ አያስተምርም ነበር። ስለዚህ ወጣቱ በአውደ ርእይና በገበያ ቦታ ሰዎችን ከሚያዝናኑ ሰዎች ኳስ መወርወርን፣ ካርታ መሰወርን እየተለማመደ ጣቶቹን አፍታታ።

በ1830 በፓሪስ የታወቀ የሰዓት ሠሪ ልጅ የሆነችውን ዦዜፍ ሴሲል ሁዳንን አገባ። የባለቤቱን የቤተሰብ ስም ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ ሮቤር ሁዳን መባል የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስምንት ልጆች ወልደው ሦስቱ ብቻ አደጉላቸው፤ ባለቤቱም በ1843 ሞተችበት። በዚያ ሁሉ ኀዘን መካከል ኑሮውን የሚደግፈው ሰዓት እያደሰና አዳዲስ መሣሪያዎች እየፈለሰፈ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ደውሎ የሚያነቃና በዚያው ቅጽበት ሻማ ለኩሶ የሚያቀርብ መሣሪያ ሠርቶ ሸጧል። የውስጥ ብረቱ ፈጽሞ የማይታይ፣ ገጹ ጥርት ያለ መስተዋት የሆነ ሰዓትም ሠርቷል። በ1844 በፓሪስ በተካሄደው የኢንዱስትሪ ዐውደ ርእይ ላይ ያቀረበው፣ ለተጠየቀው ጥያቄ በጽሑፍና በሥዕል የሚመልስ የሰው ቅርጽ ያለው መሣሪያ የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ትኩረት ስቦ ነበር። ያ መሣሪያ በኋላ በአሜሪካዊው የትርኢት ነጋዴ በባርነም ተገዝቷል።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ ምትሃትና ሳይንስ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይኖሩ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምትሃተኞች ራሳቸውን የፊዚክስ ሊቅ ብለው ይጠሩ ነበር። የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ የማግኔት ስበት፣ የጋዝ ፊኛ ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የሚታይ ትርኢት ነበር። በ1790ዎቹ መጨረሻ ሮበርትሰን በሚል ስም የታወቀው የቤልጂየም ተወላጅ በፓሪስ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ በፋኖስና በመስተዋት ብርሃን የሙታንን ምስል በጭስ ላይ እያሳየ ሕዝቡን ያስደነግጥ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ረጅም ካባ ለብሰው፣ የራስ ቅልና የጥቁር ጨርቅ መጋረጃ ደርድረው፣ ከመናፍስት ጋር የሚነጋገሩ የሚመስሉ ሰዎች በየገበያው ይዞሩ ነበር። ተመልካቹ የሚያየው ጥበብ ይሁን ጥንቆላ ለይቶ የሚነግረው አልነበረም።

ሮቤር ሁዳን ጁላይ 3 ቀን 1845 በፓሪስ ፓሌ ሮያል ውስጥ ወደ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ የራሱን ትንሽ ቲያትር ሲከፍት ይህን ልማድ ሻረው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያበደረው ጥበቡን ያደነቀ አንድ መኳንንት ወዳጁ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከፍርሃቱ የተነሣ እየተቻኮለና ድምፁ እየተንቀጠቀጠ በመናገሩ ሥራውን ሊተው ደርሶ እንደነበር ጽፏል። ይሁን እንጂ በጽናት ቀጠለ። ካባውን ትቶ ተመልካቾቹ ወደ ግብዣ ሲሄዱ የሚለብሱትን ዓይነት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለበሰ። ረዳት የሚደበቅባቸውን እስከ ወለል የሚወርዱ የጠረጴዛ ጨርቆች አስወግዶ መድረኩን እንደ አንድ ቤተሰብ ሳሎን ንጹሕና ብርሃናማ አደረገው። ምትሃተኛ ማለት የጠንቋይን ሚና የሚጫወት ተዋናይ ነው የሚለውን አስተሳሰብም በጽሑፉ አስተማረ።

ትርኢቶቹ በዘመኑ አዲስ የነበረውን ሳይንስ ከእጅ ጥበብ ጋር ያዋሐዱ ነበሩ። በ1846 ታላቅ ልጁ ኤሚል ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ ተመልካቾች ለአባቱ የሰጡትን ዕቃ ሁሉ እየለየ ይናገር ጀመር። ምስጢሩ አባቱ ጥያቄውን የሚያቀርብበት አነጋገር ነበር፤ እያንዳንዱ የቃል አሰካክ የተስማሙበትን ምልክት ይዟል። በ1847 ደግሞ ሐኪሞች በቀዶ ጥገና ጊዜ ሕመምን ለማስታገስ ኤተር የተባለውን መድኃኒት መጠቀም መጀመራቸው የከተማው ሁሉ ወሬ ሆኖ ነበር። ሮቤር ሁዳን ታናሽ ልጁ ኤተር ያሸተተ መስሎ እንዲያንቀላፋ ካደረገ በኋላ በአንድ ዘንግ ላይ ክንዱን ብቻ አስደግፎ በአየር ላይ ተንጋሎ አሳየ። ከመድረኩ በስተጀርባ ኤተር በጋለ ብረት ላይ እየፈሰሰ ሽታው አዳራሹን ይሞላው ነበር። ልጁን የተሸከመው ግን መድኃኒቱ ሳይሆን ከልብሱ ሥር ተሰውሮ ከዘንጉ ጋር የተገናኘ የብረት ድጋፍ ነው።

ያቺ የአልጀርስ ሣጥንም መጀመሪያ የታየችው በዚሁ በፓሪስ መድረክ ነው። በሣጥኗ መቀመጫ የብረት ሳሕን አለ፤ ከመድረኩ ወለል በታች ደግሞ በጥቅል የመዳብ ሽቦ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማግኔት ተቀብሯል። በሽቦው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያልፍ ማግኔቱ ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ይለቃል። በዘመኑ የኤሌክትሪክ ማግኔት በሊቃውንት ቤተ ሙከራ እንጂ በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም ነበርና ተመልካቹ ተደነቀ። ከጊዜ በኋላ ሕዝቡ ስለ ማግኔት ማወቅ ሲጀምር ሮቤር ሁዳን ሣጥኗን ከጣሪያ በተንጠለጠለ ገመድና መዘውር ላይ እያሠረ አዲስ ዘዴ መጨመር ግድ ሆነበት። ዕውቀት በሕዝብ መካከል ሲሰፋ የምትሃት ኃይል እንደሚቀንስ በራሱ ሥራ ያየው በዚህ ጊዜ ነው።

በፌብሩዋሪ 1848 በፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳና የፓሪስ ቲያትሮች ተመልካች ሲያጡ ወደ ለንደን ተሻግሮ ትርኢቱን አቀረበ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊትም የማሳየት ዕድል አገኘ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ቲያትሩን ለአንድ የጋብቻ ዘመዱ አስረክቦ በብሏ አቅራቢያ ወደምትገኘው የሳን ዤርቬ መንደር ገባ። በዚያም የቀረውን ዘመኑን የሚወደውን ኤሌክትሪክ በመመርመር ለማሳለፍ አሰበ።

የመንደር ቤቱ ለገበሬና ለአትክልተኛ ጭምር የሚያስገርም ነበር። የግቢው በር ከመኖሪያ ቤቱ ወደ አራት መቶ ሜትር ይርቃል። እንግዳ ሲያንኳኳ በሽቦ የተላከ ደወል በቤት ውስጥ ይጮኻል፤ በሩም ከሩቅ ይከፈታል። በጋጣው ያለው ፈረስ በቀን ሦስት ጊዜ አጃ የሚያገኘው በሰው እጅ ሳይሆን ከጥናት ክፍሉ ሰዓት ጋር በሽቦ በተገናኘ መሣሪያ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ቋቱ ተከፍቶ የተመጠነው አጃ ወደ ግርግሙ ይወርዳል። ይህን እንዲሠራ ያነሣሣው የቀድሞው የፈረስ ጠባቂ አጃውን እየሸጠ መገኘቱ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው አጃ የሚያወርደው የጋጣው በር ከውጭ የተቆለፈ ሲሆን ብቻ ነው፤ ፈረሱ በልቶ ሳይጨርስ በሩ ቢከፈትም ለጌታው ምልክት ይደርሰዋል። አትክልት በሚያበቅልበት የመስተዋት ቤት ውስጥም ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲወርድ በሽቦ የሚያሳውቅ የሙቀት መለኪያ አኑሯል። አትክልተኛው እሳቱን ማንደድ የረሳ እንደሆነ ጌታው ከወንበሩ ሳይነሣ ያውቃል።

ዛሬ በዶሮ እርባታና በአበባ እርሻ የሚታየው በሰዓት የሚሠራ የመኖ ማከፋፈያና የሙቀት መቆጣጠሪያ ሥራው ከዚህ ብዙም አይለይም። በፓሪስ መድረክ ሰውን ያስደነቀው ሽቦና ማግኔት በሳን ዤርቬ ፈረስ መጋቢና አትክልት ጠባቂ ሆነ። ምስጢር መሆኑ ቀርቶ አገልግሎት በመስጠቱ ዋጋው አልቀነሰም።

ከዚህ ሰላማዊ ኑሮ የፈረንሳይ መንግሥት ጠራው። ፈረንሳይ አልጄሪያን በኃይል መያዝ የጀመረችው በ1830 ነው። ታላቁ የተቃውሞ መሪ አሚር አብዱልቃድር በ1847 እጁን ቢሰጥም ሕዝቡ ለቅኝ ገዥው አልተገዛም ነበር። ማራቡት የሚባሉ የሃይማኖት አባቶች በሕዝብ ዘንድ ታላቅ ክብር ነበራቸው፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹም ተአምር እናደርጋለን እያሉ ሕዝቡን ለዐመፅ እንደሚቀሰቅሱ የቅኝ ገዥዎቹ ሹማምንት ያምኑ ነበር። በመሆኑም የፈረንሳይ ምትሃተኛ ከእነርሱ የበለጠ ተአምር ቢያሳይ ሕዝቡ ይፈራል፣ ይገዛልም ብለው አሰቡ። ሮቤር ሁዳን ጥሪውን ተቀበለ።

በአልጀርስ መድረክ ሣጥኗ ከፓሪሱ የተለየ ትርጉም ተሰጣት። በፓሪስ ተመልካቹ ጨዋታ መሆኑን አውቆ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ስቆ ይሄዳል። በአልጀርስ ግን ትርኢቱ አንድ ሰው በሕዝቡ ፊት ጉልበቱን እንደተቀማ ሆኖ እንዲታይ ተደርጎ ተዘጋጀ፤ በእጀታው በኩል የተላከው የኤሌክትሪክ ንዝረትም የተጨመረው ለማስፈራራት ነው። ተመልካች ምልክት ያደረገበት ጥይት ወደ እርሱ ተተኩሶ በቢላዋ ጫፍ በያዘው ፖም ውስጥ ተገኘ። አንድ ወጣት በጨርቅ ተሸፍኖ ከጠረጴዛ ላይ ሲጠፋ ደግሞ አዳራሹ ተሸበረ፤ ብዙዎችም ወደ መውጫው ተጋፉ። ሮቤር ሁዳን በኋላ ወደ ገጠር ሲወጣ አንድ ማራቡት በሽጉጥ እንደ ተፈታተነውና እርሱም ከሰም በተሠሩ የውሸት ጥይቶች እንዳመለጠ ተርኳል።

በራሱ ትረካ መሠረት ከትርኢቶቹ በኋላ አስተርጓሚዎች ያየው ነገር ሁሉ የጥበብ ሥራ እንጂ ተአምር አለመሆኑን ለሕዝቡ እንዲያስረዱ ታዝዘዋል፤ የጎሣ መሪዎቹም በጌጥ የተጻፈ የአድናቆት መግለጫ ሰጥተውታል። ይህን ማድረጉ ከተራ አታላይ ይለየዋል። ቢሆንም የተላከበትን ዓላማ አይለውጠውም። ሰዎች የማያውቁት ዕውቀት መሬታቸውን ለወሰደ ኃይል መሣሪያ ሆኖ ቀርቦባቸዋልና።

ውጤቱንም ታሪክ መዝግቦታል። ከትርኢቱ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1857፣ የፈረንሳይ ጦር በካቢሊያ ተራሮች ላይ ከፍተኛ ዘመቻ ከፈተ። የተራራው ሕዝብ ላላ ፋጥማ ንሱመር በተባለች ሴት መሪ ዙሪያ ተሰልፎ ተዋጋ፤ እርሷም በዚያው ዓመት ተማረከች። በ1871 ደግሞ በሼክ ሞቅራኒ የተመራ እጅግ ሰፊ ዐመፅ ተነሣ። መሬቱን የተቀማ ሕዝብ በሣጥን ክብደት ተደንቆ ጥያቄውን የሚተው አልነበረም።

ሮቤር ሁዳን ከአልጄሪያ ሲመለስ ብዕሩን አነሣ። በ1858 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በ1861 ባወጣው መጽሐፍ የካርታ ቁማር አጭበርባሪዎች የዋሁን ሰው የሚዘርፉበትን ዘዴ አንድ በአንድ ገለጠ። በ1868 የምትሃትን ጥበብ ከመሠረቱ የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈ። በዓይን ላይ ባደረገው ምርምርም ሰው የገዛ ዓይኑን ውስጥ እንዲመለከት የሚረዱ መሣሪያዎችን ሠርቶ ለሐኪሞች አቅርቧል። በእነዚህ ዓመታት ሥራው ሁሉ የተሰወረውን መግለጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የመጨረሻ ዓመቱ መራራ ነበር። በ1870 ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር ስትዋጋ ወታደር የነበረው ልጁ ዩዤን በኦገስት በተደረገው ጦርነት ቆስሎ ሞተ። የጠላት ጦር ወደ ብሏ ሲገባም ሽማግሌው ቤተሰቡን በአቅራቢያው ባለ ዋሻ ለመደበቅ ተገደደ። በኀዘንና በድካም የተጎዳው አካሉ የሳንባ ምች ሲይዘው አልተቋቋመውም፤ ጁን 13 ቀን 1871፣ በስድሳ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። በሞተባት ወቅት የሞቅራኒ ዐመፅ በአልጄሪያ ገና አልበረደም ነበር።

ከሞቱ በኋላ ስሙ በሁለት መንገድ ሄደ። በአሜሪካ ያደገው ኤሪክ ዋይስ የተባለ ወጣት የሕይወት ታሪኩን አንብቦ ከመማረኩ የተነሣ ስሙን ከእርሱ ወስዶ ሁዲኒ ተባለ። ከሰንሰለትና ከካዝና በማምለጥ ዓለምን ያስደነቀው ይኸው ሁዲኒ በ1908 ግን የሮቤር ሁዳንን ዝና የሚያጣጥል መጽሐፍ አሳትሟል። ቲያትሩን ደግሞ በ1888 ጆርጅ ሜልዬስ ገዛው። ሜልዬስ በ1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች ያሳዩትን ተንቀሳቃሽ ፊልም ካየ በኋላ የምትሃት ጥበቡን ወደ ካሜራ አዛውሮ፣ ሰው በቅጽበት የሚሰወርባቸውን የመጀመሪያዎቹን ምናባዊ ፊልሞች ሠራ።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ ፊልም የሚታይበትን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ መጥራቱ ይታወቃል። ሰው አሠራሩን ያላወቀውን ነገር ለመንፈስ መስጠቱ በአልጀርስም፣ በፓሪስም፣ በአዲስ አበባም ያው ነው። ብርሃን በፊልም ውስጥ አልፎ ነጭ ጨርቅ ላይ ምስል እንደሚጥል ከታወቀ በኋላ ግን ፍርሃቱ ጠፍቶ ደስታው ቀረ፤ ቤቱም ሲኒማ ሆነ።

በትውልድ ከተማው በብሏ ዛሬ ለምትሃት ታሪክ የተሠራ ቤተ መዘክር አለ። የኤሌክትሪክ ማግኔት አሠራርም በየትምህርት ቤቱ ልጆች በባትሪ ድንጋይ፣ በምስማርና በሽቦ የሚለማመዱት ቀላል ትምህርት ሆኗል። በአልጀርስ ያን ጎልማሳ አዋርዶ ያሸሸው ኃይል ዛሬ ለአንድ ተማሪ የቤት ሥራው ነው። ጎልማሳው ከሣጥኗ ጋር ሲታገል የጎደለው ጉልበት አልነበረም። ከወለሉ በታች ምን እንዳለ የነገረው ሰው አልነበረም።